ከጨጓራ የሚወጣው ቁጥር

ሲሪንጁን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ በጥፍሯ ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች። ጎኑ ላይ የተጣበቀችው አረፋ ተላቃ ወደ ጫፉ ስትወጣ ገፋ አድርጋ ታስወጣትና እንደገና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ታየዋለች። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል አረፋ ከቀረች ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ጋዙ ከውሃው ወደ አረፋዋ ይሸሽና ማሽኑ የሚያነበው ቁጥር ውሸት ይሆናል። ይህን በየቀኑ ጠዋት፣ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ ሻይ እንኳ ሳትቀምስ ታደርገዋለች። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩት ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «ሲስተር አረፋ» ይሏታል።

«ሲስተር አረፋ፣ ዛሬስ ስንት ገደልሽ?» ይላታል ኦክስጅን ሲሊንደር የሚገፋው ሠራተኛ በአጠገቧ ሲያልፍ።

«ያንተ ተራ ሲደርስ ትቆጥራለህ» ትለዋለች ዓይኗን ከሲሪንጁ ሳታነሣ።

ሥራው ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። በበሽተኛው አፍንጫ ቀጭን ቱቦ ወደ ጨጓራው ይገባል። በቱቦው ጫፍ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ፊኛ አለች። ሲስተር አረፋ ፊኛዋን በጨው ውሃ ትሞላና ትጠብቃለች። ከጨጓራው ግድግዳ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የፊኛዋን ስስ ቆዳ አልፎ ቀስ በቀስ ውሃው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ውሃውን መልሳ ትስባለች፤ ቱቦው ውስጥ ቆሞ የቆየውን የመጀመሪያውን ጥቂት ደፍታ የቀረውን ሳይውል ሳያድር ወደ ማሽኑ ታደርሰዋለች። ከእጅ አንጓ የተቀዳ ደምም አብሮ ይለካል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ደም ወደ ሆድ ዕቃ እየደረሰ ነው ማለት ነው። የጨጓራው ቁጥር ከደሙ ርቆ ከወጣ ግን ሆድ ዕቃው ደም ተርቧል። ቶሎ ካልተደረሰለት አንጀቱ ይሞታል፤ ሰውየውም ይከተለዋል።

ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ እንዳይሆን የሚያደርገው አሲድ ነው።

ይህንን ያስተማሯት መሣሪያውን ወደ ክፍሉ ያመጡት ሽማግሌ ዶክተር ናቸው። ያኔ አንድ ወጣት አናጺ ከፎቅ ወድቆ ገብቶ ነበር። ከጨጓራው የወጣው ቁጥር ከፍ ብሎ ተገኘ። ገና ሥራ የጀመረው ቀዶ ሐኪም ጊዜ ሳያጠፋ ሆዱን ከፈተው፤ ያገኘው ግን እንደ ሕፃን ከንፈር የቀላ ጤነኛ አንጀት ነበር። አናጺውን የገደለው ያ ያለ ምክንያት የተከፈተው ቁስል ነው፤ መግል ያዘና ቀስ እያለ ጨረሰው። ኋላ ሲጣራ፣ ከመለካቱ በፊት የአሲድ መቀነሻ መርፌ አልተሰጠውም።

ሽማግሌው ዶክተር አንድ ቀን ሠራተኛው ሻይ የሚጠጣበት ክፍል ገቡና ሎሚ በብርጭቆ ጨመቁ። በላዩ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨመሩበት። ነጭ አረፋ ገንፍሎ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ይኼ የምታዩት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው» አሉ። «ሎሚው የጨጓራ አሲድ ነው በሉ። ሶዳው ደግሞ ከታች ከአንጀት እየተመለሰ፣ ከላይም ከምራቅ ጋር እየወረደ ጨጓራ ውስጥ የሚገባው ነው። ሲገናኙ እንዲህ ይፈላሉ። ፊኛችን እንግዳዋን ከየት መጣህ ብላ አትጠይቅም፤ የመጣውን ሁሉ ትቀበላለች። የዚያን ልጅ ሆድ የቀደድነው ለዚህ ብርጭቆ ነው።»

ከዚያ ጠረጴዛውን ራሳቸው ወለወሉት። ቀዶ ሐኪሙ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ በክፍሉ ውስጥ ቁጥር ከፍ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «አሲዱ ጠፍቷል?» የሚል ሆነ። ጠያቂዋም ሲስተር አረፋ ሆነች። «ዶክተር፣ የአሲድ ነው፤ ትንሽ ይቆዩ» ብላ ያስቆመችበት ጊዜ ብዙ ነው፤ መርፌው ተሰጥቶ እንደገና ሲለካ ቁጥሩ ዝቅ ይል ነበር። እያደር ይህ ቃሏ የማይመረመር ሆነ። ሽማግሌው ጡረታ ወጡ። ያሠለጠነቻቸው ሁለት ነርሶች ደህና ወደሚከፍል የግል ክሊኒክ ሄዱ። ፊኛዋን የሚያውቅ እሷ ብቻ ቀረች።

የምትኖረው በታላቅ ወንድሟ ቤት፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ነው። እናታቸው ሲሞቱ እሷ ገና ፊደል አልለየችም ነበር፤ እሱ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ያሳደጋት እሱ፣ ያስተማራት እሱ ነው። ሲያድግ ሾፌር ሆነ፤ ሾፌር ሲሆን ጨጓራ ያዘው። «ጋሼ» ትለዋለች፤ እሱ ፀጉሯ ሸብቶም «ሚጣ» ይላታል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ካለው መደርደሪያ ላይ የሶዳ ቆርቆሮ አይጠፋም። ቃሩ ሲነሣበት አንድ ማንኪያ በውሃ በጥብጦ ጭልጥ ያደርግና በእጁ ጀርባ አፉን ይጠርጋል።

«አንቺ የሰው ጨጓራ ስትለኪ ትውያለሽ፤ የእኔን የሚያውቀው ይኼ ቆርቆሮ ነው።»

«እስቲ አንድ ቀን መጥተህ ተመርመር፣ ጋሼ።»

«ምን ቆርጦኝ! ከመረመሩማ ያገኛሉ።»

ሚስቱ ከምድጃው አጠገብ ሆና ትስቃለች። ሲስተር አረፋ «እትዬ» የምትላት ይህች ሴት ዝምተኛ ናት፤ ባሏ የሚለውን ሁሉ እንደ አዲስ ነገር ትሰማዋለች።

ወንድሟ ሐኪም ቤት የመጣው ግን ለመመርመር አልነበረም። ጭነት እያራገፈ ሳለ ሆዱን ይዞ ወደቀ። አንጀቱ ተጠማዞ ነበር። ያኔ አናጺውን የከፈተው፣ አሁን ግን ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸው ቀዶ ሐኪም ከፈተና ፈታው፤ የጠቆረውን ክፍል በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ጠበቀ። ቀለሙ ተመለሰ። ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰም።

«ቆርጬ ላውጣው ብዬ ነበር» አላት ሲወጣ። «ሳንባው በሲጋራ አልቋል፤ ልቡም ያስፈራል፤ ቶሎ መዝጋት ነበረብኝ። አንጀቱ ሊተርፍም ላይተርፍም ይችላል። ካልተረፈ መድገም አለብኝ፤ ሁለተኛ ሰመመን መቻሉን ግን እኔ አላውቅም። ቱቦውን አስገቢለት። ፊኛዋን እንከተል።»

የነርሶቹ ኃላፊ ከመድኃኒት ጋሪው አጠገብ ያዘቻት።

«ለገዛ ወንድምሽ አንቺ አትለኪም።»

«ታዲያ ማን ይለካ?»

ኃላፊዋ ዞር ዞር ብላ ክፍሉን አየች። አንዷ ነርስ አንሶላ ትቀይራለች፤ ሌላዋ ግሉኮስ ትሰቅላለች።

«እሺ፣ ለኪ» አለች በመጨረሻ። «ግን ቁጥሩን ብቻ አምጪ። ሌላውን ለዶክተሩ ተዪው።»

በመጀመሪያው ቀን ከጨጓራው አርባ ስድስት፣ ከደሙ አርባ አንድ ወጣ። ደህና ነበር። በማግስቱም ብዙ አልራቀም። ወንድሟ ነቅቶ ያወራል፤ ኮርኒሱን እያየ ስንት ስንጥቅ እንዳለው ይነግራታል። ውሃ በአፉ እንዳይገባ ተከልክሏል። ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ታብስለታለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማሽኑ ሰባ ሁለት አለ። ደሙ አርባ አንድ።

ሲሪንጁን አየች፤ አረፋ የለውም። ፊኛዋን እንደገና ሞልታ፣ ጠብቃ፣ ቀድታ ለካች። ሰባ አንድ። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

እትዬ ከአግዳሚው ወንበር ላይ፣ ቴርሞሷን በጭኖቿ መሐል ይዛ ተቀምጣለች።

«ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ?»

«እትዬ፣ ጋሼ አፍ የገባ ነገር አለ?»

እትዬ የቴርሞሱን ክዳን ከፈተችው፤ መልሳ ገጠመችው።

«ውሃ እንኳ እንዳትሰጪው ብዬሽ ነበር።»

«ቃሩ ሊገድለኝ ነው አለኝ። አንጀቴን በላው። ልጅ ሆኖ ለመነኝ እኮ! ጠዋት ተረኛዋ ዞር ስትል... ሶዳ በትንሽ ውሃ በጥብጬ ነበር የመጣሁት። ሁለት ጉንጭ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ስደቢኝ፤ ይገባኛል።»

ሲስተር አረፋ አልሰደበቻትም። ከወንበሩ አንሥታ እቅፍ አድርጋ አንገቷን ሳመቻት።

«ሶዳ ነው! ተመስገን፣ ሶዳ ነው! እግዜር ይስጥሽ፣ እትዬ።»

እትዬ ምኑም አልገባትም። ግን ሐኪም ቤት ውስጥ የተደሰተ ሰው ሲያቅፋት የመጀመሪያዋ ነበርና እሷም ሳቀች።

ቀዶ ሐኪሙ ቢሮው ውስጥ ራጅ እያየ ነበር። ቁጥሩን ሲሰማ ራጁን አስቀምጦ ብድግ አለ።

«የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ያዘጋጁ።»

«የአሲድ ነው፣ ዶክተር። መርፌው ከመድኃኒት ክፍል አልመጣም፤ ከትናንት ጀምሮ አልተሰጠውም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሚስቱ በድብቅ ሶዳ አጠጥታዋለች። አሲዱ እንዳለ ነው፤ ሶዳው ተጨመረበት። ያው የሻይ ክፍሉ ብርጭቆ ነው።»

ሐኪሙ በቆመበት ቀረ። አናጺው በሁለቱም ፊት አለፈ፤ ስሙን ማንሣት አላስፈለጋቸውም።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«መርፌውን ከውጭ ፋርማሲ አስገዛለሁ። ጨጓራውን አጥቤ፣ መርፌውን ሰጥቼ፣ ሲሠራ ጠብቄ እደግመዋለሁ።»

«ጠዋት ሆዱን ነክቼዋለሁ» አለ ሐኪሙ፣ ከእሷ ይልቅ ለራሱ እንደሚናገር። «ለስላሳ ነው። ከፍቼው ጤነኛ ሆኖ ባገኘው፣ በሰመመኑም ቢቀርብኝ...» አልጨረሰውም። ተቀመጠ። «እሺ። እንጠብቅ።»

በሩ ላይ የነርሶቹ ኃላፊ ቆማ ነበር። ሲስተር አረፋ ስታልፍ መንገድ ለቀቀችላት።

መድኃኒቱን ሊገዛ የሄደው ኦክስጅን ገፊው ሠራተኛ ነው፤ እያለከለከ ተመለሰ። ሁሉም እንደተባለው ተደረገ። ያጠቡበት ውሃ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ጨጓራው ታጠበ፤ መርፌው ተሰጠ፤ ተጠበቀ። ፀሐዩ ከመስኮቱ ሲሸሽ ፊኛዋን ቀዳች።

ሃምሳ ዘጠኝ። ደሙ አርባ።

እዚህ ላይ የተደረገው ነገር ጥቂት ነው፤ ግን ሁሉም የሆነው እዚህ ላይ ነው። በሃምሳ ዘጠኝና በአርባ መካከል የነበረው ርቀት፣ በሌላ በሽተኛ ላይ ቢሆን ሲስተር አረፋን ወደ ሐኪሙ ቢሮ የሚያስሮጣት ርቀት ነበር። አሲዱ ጠፍቷል፤ ሶዳው ታጥቧል፤ የቀረው ጋዝ ከሰውየው ሥጋ እንጂ ከየትም የመጣ ሊሆን አይችልም። እሷ ግን ቁጥሩን ያየችው ከደሙ ጋር አስተያይታ ሳይሆን ከጠዋቱ ጋር አስተያይታ ነው። ከሰባ ሁለት ለመጣ ሰው ሃምሳ ዘጠኝ ደስ የሚል ቁጥር ነው።

«ወርዷል፣ ዶክተር» አለች። «ገና እየወረደ ነው።»

«ወርዷል» የሚለው የማሽኑ ነበር። «እየወረደ ነው» የሚለውን የጨመረችው እሷ ናት። ሐኪሙ ሁለቱን አልለየም፤ መለየትም አልፈለገም። ጋዋኑን አውልቆ ሰቀለና ወደ ቤቱ ሄደ።

ወንድሟ ጋ ስትደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የእጇን ሽታ ያውቀዋል።

«ሚጣ፣ ጨጓራዬ ምን አለ?»

«ሶዳ ሰጡኝ አለ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ቁስሉን ሲነካው ሆዱን በሁለት እጁ ያዘ። «አሳበቀብኝ! እኔ ለእሱ ብዬ ስንቱን ሶዳ ጠጥቼ!»

«ዝም በል፣ ስፌቱን ትበጥሰዋለህ።»

«ሆዴ ግን...»

«ምን ሆነ? አመመህ?»

ፊቷን አየ። ደስ ብሏት እንደዋለ ከፊቷ ላይ አነበበ።

«ምንም። ደክሞኝ ነው። አንቺ ደህና ነው ካልሽ ደህና ነው።»

ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ስባለት ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ስትገባ ተረኛዋ ነርስ ከአልጋው አጠገብ ቆማ የልብ ምቱን ትቆጥር ነበር። ሰውነቱ በላብ ርሷል። ሆዱ እንደ ሳንቃ ደርቋል። ሲስተር አረፋ ሲሪንጁን ወደ ላይ ይዛ በጥፍሯ መታችው፤ አረፋዋን ማስወጣት ጊዜ ወሰደባት። ሰማንያ ስምንት። መርፌው ሳይጓደል የተሰጠው ነው፤ በአሲድ የሚመካኝ ነገር አልነበረም። ወረቀቱን ሐኪሙ ፊት አስቀመጠችው።

ሐኪሙ ከፈተው። ከሚድነው የአንጀቱ ክፍል የማይድነው ስለበዛ ምንም ሳይነካ መልሶ ዘጋው። ሲወጣ የአፍ መሸፈኛውን ከአገጩ በታች አውርዶ ነበር።

«ትናንት ብንከፍተውም ሰመመኑን መቻሉን አናውቅም» አላት።

እውነቱን ነው፤ አያውቁም። እሷ ራሷን ነቀነቀች። ወንድሟ ከሰመመኑ ሳይነቃ ከቀትር በኋላ ሞተ።

ለቅሶው በርዶ ሰው ከቤቱ ከወጣ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ እትዬን ወጥ ቤት አገኘቻት። የሶዳውን ቆርቆሮ በዕቃ ማጠቢያው ላይ እየዘቀዘቀች ነበር። ነጩ ዱቄት በቧንቧው ውሃ ሥር ድምፅ ሳያሰማ ይሟሟል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች እትዬ ሳትዞር። «ቤተሰቡ ሁሉ እያወቀ ነው ዝም የሚለኝ። በአፉ ምንም አይግባ ተብሎ ነበር።»

ሲስተር አረፋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ሐኪሙ አይናገርም፤ ኃላፊዋም አልተናገረችም።

«ሶዳው ምንም አላደረገውም፣ እትዬ።»

«ለማጽናናት ነው።»

«አይደለም። አንጀቱ በሶዳ አይሞትም፤ ሶዳው ቁጥሩን ብቻ ነው ከፍ ያደረገው። ያን ዕለት ጠዋት ዶክተሩ ሊከፍተው ተነሥቶ ነበር። መልሼ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ የሶዳ ነው ብዬ። ከሰዓት ስለካው ሶዳው ወጥቶ እንኳ ቁጥሩ ከፍ ያለ ነበር። አይቼዋለሁ። ግን ወርዷል አልኩ።»

እትዬ ቧንቧውን ዘጋች። ባዶውን ቆርቆሮ አራገፈችው።

«አቅፈሽ የሳምሽኝ ያን ጊዜ ነው?»

«አዎ።»

«ደስ ብሎሽ ነበር።»

«አዎ።»

«እኔም ደስ አለኝ» አለች እትዬ። «ለምን እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ።»

ቆርቆሮውን ከቆሻሻው ቅርጫት ውስጥ ጨምራ፣ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ ተጣልተው አያውቁም። ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ይባባላሉ። በወጥ ቤቱ ግን አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። ወሩ ሲያልቅ ሲስተር አረፋ ከሐኪም ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች። ሂጂ ያላት የለም፤ ቅሪ ያላትም የለም። አልጋዋን በጋሪ ስታስወጣ እትዬ በሩን ይዛላት ቆመች።

ወደ ሌላ ክፍል እንድትዛወር የነርሶቹን ኃላፊ ጠየቀች። ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ረጅም ጊዜ ወለወለችው።

«ታዲያ ማን ይለካ?»

ሲስተር አረፋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ኦክስጅን ገፊው ሠራተኛ በአጠገቧ ሲያልፍ አሁን የሲሊንደሩን ጎማ ድምፅ ለመቀነስ ቀስ ይላል፤ ስንት ገደልሽ ብሎ አይጠይቃትም።

ወንድሟ በተኛበት አልጋ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት ተኝታለች፤ ከቀናት በፊት በደም ግፊት መውረድ የገባች ናት። መርፌው በሰዓቱ ተሰጥቷታል፤ ምግብ አልቀመሰችም። ሰኞ ጠዋት ሲስተር አረፋ ሲሪንጁን ወደ መስኮቱ ይዛ አረፋውን አስወጣች፤ ቀዳች፤ ለካች። ወረቀቱን ይዛ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ቢሮ ገባች።

«ስልሳ ሦስትና አርባ።»

ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ።

«የአሲድ ይሆን እንዴ?»

«ስልሳ ሦስትና አርባ ነው፣ ዶክተር።»

ሌላ ቃል ጠበቀ። አልመጣም። ልብስ ሰፊዋ ከቀትር በፊት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተወሰደች።